አንድ ቁጥር ይዞ መመረቅ፦ ለኬሚስትሪ ተማሪዎች የመጨረሻ ዓመት ኮርስ እንዴት ይቀረጻል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተመራቂ ተማሪ ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ የገዛውን ጨው መርምሮ ውጤቱን ሊያቀርብ ፊታችን ቆመ። ስላይዱ ላይ «አዮዲን፦ 17.4 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጨው ላይ ቢያንስ 15 እንዲገኝ ይመክራል። ስለዚህ «ጨዉ አልፏል» ብሎ ደመደመ።

«ያንኑ ጨው ነገ እንደገና ብትለካው ስንት ይመጣል?» አልኩት።

ዝም አለ። አራት ዓመት ተምሯል። ውጤቱ ጥሩ ነው። ሪፖርቱ 40 ገጽ ነው። ይህን ጥያቄ ግን ከዚያ ቀን በፊት የጠየቀው ሰው የለም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ኮርሱን የቀረጽነው እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ኮርሱን ከመሠረቱ አፍርሰን ሠራነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደኔ ድሬዳዋ፣ ሐረር ወይም ሌላ ቦታ ሆናችሁ፣ ጥቂት ዕቃ ይዛችሁ፣ የአራተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪዎችን የመመረቂያ ሥራ እንድታዘጋጁ ለተሰጣችሁ መምህራን ነው። የማምንበትን ነገር ከወዲሁ ልናገር። የመመረቂያ ኮርስ ትንሽ የማስተርስ ቴሲስ አይደለም። አዲስ ግኝት አይጠበቅበትም። ተማሪው በገዛ እጁ ያገኘውን አንድ ቁጥር ይዞ እንዲወጣና ያን ቁጥር ምን ያህል እንደሚያምነው እንዲያውቅ ነው።

ከመጨረሻው ቀን ተነሱ

ወረቀት አውጡና በ16ኛው ሳምንት ተማሪው ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት ጻፉ። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አትለፉ። የእኛ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ባለን ዕቃ የሚመለስ ጥያቄ መምረጥና ዘዴውን ለምን እንደመረጠ ማስረዳት። ሁለተኛ፣ ለክቶ ቁጥሩን ከነጥርጣሬው፣ ማለትም ምን ያህል ወዲያና ወዲህ ሊል እንደሚችል፣ መስጠት። ሦስተኛ፣ ውጤቱን ለኬሚስትም ለባለ ሱቅም በሚገባቸው ቋንቋ መንገር።

ከዚያ አሮጌውን ኮርስ ከዚህ ወረቀት ጎን አስቀምጡት። ከሦስቱ አንዱንም የማያግዝ ነገር ይውጣ። እኛ ጋ መጀመሪያ የወጣው 20 ገጽ የሚፈጀው «የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ» ነበር። ተማሪዎቹ አያነቡትም፣ ይገለብጡታል። በምትኩ ሁለት ጽሑፍ ብቻ፣ ግን እስከ መጨረሻው የተነበበ፣ እንጠይቃለን። ከሁለቱ አንዱ የሚጠቀሙበት ዘዴ መሆን አለበት። ያነበቡ መሆናቸውን የምናውቀው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ጸሐፊዎቹ ስንት ጊዜ ደገሙት?»

አንድ ነገር ጨምሩበት። ተማሪ አራተኛ ዓመት ሲደርስ አናሊቲካልን፣ ፊዚካልን፣ ኦርጋኒክንና ኢንኦርጋኒክን በየኪሱ ለየብቻ ይዞ ነው። ፈተና ሲመጣ አንዱን ኪስ ይከፍታል፣ ሌላው ተዘግቶ ይቀራል። የመመረቂያ ሥራው ቢያንስ ሁለቱን ኪሶች አንድ ላይ እንዲከፍት የሚያስገድደው መሆን አለበት።

መጋዘኑ ይቅደም፣ ርዕሱ ይከተል

የብዙዎቻችን ስህተት እዚህ ነው። ተማሪው ርዕስ ያመጣል፣ አድቫይዘሩ ይፈርማል፣ ከዚያ ኬሚካል ፍለጋ ይጀመራል። ኬሚካሉ አይመጣም። አንድ ዓመት ለሦስት ግሩፕ የተጠየቀ ኬሚካል የደረሰው ተማሪዎቹ ጋዋን ለብሰው ፎቶ በተነሱ በሳምንቱ ነበር። የጻፉት ሪፖርት ውስጥ ያለው ዳታ ከየት እንደመጣ ዛሬም አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ስለዚህ ሴሚስተሩ ከመከፈቱ ከወር በፊት ከላብ ቴክኒሻኑ ጋር አንድ ሙሉ ጠዋት መጋዘን ውስጥ ግቡ። ቴክኒሻኑን ይዛችሁ ግቡ ያልኩት በምክንያት ነው። የትኛው ሚዛን እንደሚዋዥቅ፣ የትኛው ጠርሙስ ላይ ያለው ጽሑፍ ከውስጡ ጋር እንደማይገናኝ የሚያውቀው እሱ ነው። ያላችሁን በሦስት ክፈሉት፦ ያለ፣ ከከተማ የሚገዛ፣ ዘንድሮ የማይታሰብ።

ጠርሙስ ላይ ያለውን ቀን ብቻ አትመኑ። ክዳኑን ክፈቱ። ፖታሲየም አዮዳይድ ነጭ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነ አዮዲን እየለቀቀ ነው፤ ብላንክ (ናሙናው የሌለበት ልኬት) ሳትሠሩ አትጠቀሙበት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ተጋግሮ ከሆነ ስትመዝኑት የምትመዝኑት ንጹሑን አይደለም። ይህን የሚያክም ስታንዳርዳይዜሽን፣ ማለትም ያዘጋጁትን ፈሳሽ መጠኑ በትክክል ከታወቀ ነገር ጋር ለክቶ ማረጋገጥ፣ ነው፤ ስታንዳርዳይዜሽን ደግሞ ለተማሪው ራሱ ትምህርት ነው።

የሚገርመው ነገር፣ ብዙ መጋዘን ውስጥ የሚከተሉት አይጠፉም፦ ቡሬት፣ ፒፔት፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ፖታሲየም አዮዳይድ፣ ስታርች፣ ኢዲቲኤ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። በእነዚህ ብቻ ለአንድ ባች የሚበቃ ጥሩ ጥያቄ ይወጣል።

የጥያቄ ባንክ ማዘጋጀት

ተማሪ ርዕስ ከባዶ ይፍጠር ማለት ፎቶ ኮፒ ቤት ሂድ እንደማለት ነው። ያለቀ የሌላ ሰው ፕሮጀክት እዚያ ይጠብቀዋል። እናንተ ከ8 እስከ 12 ጥያቄ ያለው ባንክ አዘጋጁ። ተማሪዎች በጥንድ ሆነው ይምረጡ፣ ግን የራሳቸውን ማጣመሚያ እንዲጨምሩ አስገድዷቸው። ከሁለት በላይ በሆነ ግሩፕ ሁልጊዜ አንድ ሰው ስልክ እያየ ይመረቃል።

በመጀመሪያ የማይሆኑትን ልንገራችሁ፤ በየዓመቱ ይመጣሉና።

ጫት። ድሬዳዋ ሆኖ ይህን ያላነሳ ባች የለም። ጥያቄው ራሱ ቆንጆ ነው። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ይቀንሳል፤ ሰው ትኩሱን የሚፈልገው፣ መኪናውም በዚያ ፍጥነት የሚበረው ለዚህ ነው። ግን ለመለካት ማወዳደሪያ የሚሆን ንጹሕ የካቲኖን ስታንዳርድ ያስፈልጋል። ካቲኖን ደግሞ በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ ነገር ነው። ለአራተኛ ዓመት ተማሪ አይመጣም። ከወዲሁ ንገሯቸው።

ከባድ ብረቶች በአትክልት ውስጥ። ብረቶችን የሚለካው አቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ ካለና ከሠራ ጥሩ ነው። ናሙናውን ሌላ ከተማ ልኮ ቁጥር በኢሜል መቀበል ግን የተማሪው መለኪያ አይደለም። ቁጥሩ የራሱ አይሆንም።

ሦስተኛው የዕፅዋት ፋይቶኬሚካል ምርመራ ነው። ቅጠል መፍጨት፣ ማዘፍዘፍ፣ ቀለም ማየት፣ «አለ» ወይም «የለም» ማለት። ይህን ሥራ የሚወዱ ባልደረቦች እንዳሉኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ለመመረቂያ ኮርስ አልመክረውም። መጨረሻው ላይ ቁጥር የለም፣ ቁጥር ከሌለ ስለ ጥርጣሬ የሚወራ ነገር የለም።

አሁን ወደሚሆኑት።

የድሬ ውሃ። ከተማው የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ሁላችንም እናውቀዋለን። የውሃው ሃርድነስ (ውስጡ ያለው የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን) በኢዲቲኤ ታይትሬሽን፣ ማለትም ቀለሙ እስኪዞር ከቡሬት ኢዲቲኤ እያንጠባጠቡ፣ በፒኤች 10፣ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ በሚባል ቀለም ይለካል፤ ወይን ጠጅ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ሲዞር ያበቃል። ይህን ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ ሠርተውታል። የመመረቂያ ጥያቄ የሚሆነው ሲጣመም ነው፦ ውሃውን ብናፈላው ሃርድነሱ ስንት ይቀንሳል? አምስት ደቂቃና ሃያ ደቂቃ ማፍላት ልዩነት አለው? ሳቢያን ሰፈር ከተቀዳውና ከዚራ ሰፈር ከተቀዳው የትኛው ይበልጥ ይቀንሳል? እዚህ ላይ የካርቦኔት ሚዛን (ኢኩሊብሪየም) ይገባል፣ ፊዚካል ኬሚስትሪው ራሱ ይመጣል። ሐረር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ውሃ 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሐረር ከፍ ስለምትል ወደ 94 ይወርዳል። ተማሪው ቴርሞሜትር ይዞ ይህን በዓይኑ ይይ። «ውሃ በ100 ይፈላል» እያለ ነው ያደገው።

በረኪና። የእኔ ተወዳጅ ይህ ነው። ውስጡ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በጊዜና በሙቀት ይበሰብሳል። ጥያቄው፦ ከሱቅ የገዛነው በረኪና በድሬ ሙቀት ውስጥ ምን ያህል ይቆያል? አንድ ጠርሙስ ተገዝቶ በሦስት ይከፈላል። አንዱ ፍሪጅ ይገባል፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ኢንኩቤተር ውስጥ 50 ዲግሪ ላይ ይቆያል። ሦስቱም ከብርሃን ይጋረዱ፣ አለዚያ ሙቀቱንና ብርሃኑን መለየት አይቻልም። ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ፤ ኦክስጅን ይለቃልና ጠርሙሱ ሊያብጥ ይችላል። በየሳምንቱ ትንሽ እየተቀዳ በታዮሰልፌት ይለካል። አምስት በመቶ የሆነ በረኪና አንድ ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ታዮሰልፌት 13 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ለቡሬት ምቹ መጠን ነው። የ50 ዲግሪው በወር ውስጥ ጎልቶ ይወርዳል፣ የፍሪጁ እምብዛም አይነቃነቅም። ከዚያ ተማሪው አንድ ሲካፈል ለኮንሰንትሬሽን ከጊዜ ጋር ይሥላል፤ መስመሩ ቀጥ ካለ ሪአክሽኑ ሰከንድ ኦርደር ነው (ፍጥነቱ ከኮንሰንትሬሽኑ ስኩዌር ጋር ይሄዳል) ይላል። አናሊቲካሉ፣ ካይኔቲክሱ፣ የክሎሪን ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ገቡ። መብራት ሲጠፋ ኢንኩቤተሩ ይቀዘቅዛል። ችግር የለውም፣ ሰዓቱ ደብተር ላይ ይመዝገብ። በኋላ ግራፉ ላይ ያለችውን ጉብታ የምታስረዳው ያቺ መስመር ናት።

የሐረር ቡና ካፌይን ደግሞ ተማሪ የሚሻማበት ነው። ካፌይኑን ለማውጣት ዳይክሎሮሜቴን ያስፈልጋል፣ እሱም በቀላሉ የሚተንና መተንፈስ የሌለበት ነገር ነው። የጭስ ማውጫ ካቢኔታችሁ በትክክል የሚስብ ከሆነ ፍቀዱ። ወረቀት ቁራጭ አስጠግታችሁ ካልተሳበ፣ አትፍቀዱ። ልመና አያስፈልገውም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት፦ ፒፔትና ሚዛን

ወደ ፕሮጀክቱ ከመግባታቸው በፊት ሁሉም ተማሪ ለብቻው አንድ ሥራ ይሥራ። በ25 ሚሊ ሊትር ፒፔት የተጣራ ውሃ ይቅዳ፣ ይመዝን፣ አሥር ጊዜ ይድገም። ቀላል ይመስላል።

አንዲት ተማሪ ይህን ሠርታ እየተናደደች መጣች። «አቦ ቲቸር፣ ይሄ ፒፔት ሰባራ ነው። አሥር ጊዜ ቀዳሁ፣ አሥሩም ጊዜ 24.9 ግራም እንኳን አይሞላም» አለችኝ።

«ላቡ ውስጥ ስንት ዲግሪ ነው?» አልኳት።

ቴርሞሜትሩን አየችው። 30 ይላል። የውሃን ዴንሲቲ ሠንጠረዥ ሰጠኋት። በ30 ዲግሪ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ 0.9957 ግራም ነው የሚመዝነው። በ25 ስታባዛው 24.89 መጣ። አየሩ ሚዛኑ ላይ የሚያቃልላትን ትንሽ ነገር ስትቀንስ 24.87 ሆነ። የእሷ አማካይ 24.86 ነበር። ፒፔቱ ደህና ነበር። እሷም ደህና ነበረች። ፒፔቱ ላይ «20 ዲግሪ» ተብሎ ተጽፎ ለአራት ዓመት ይዛው ኖራለች፤ ያን ቀን ገና አነበበችው።

ይህን ሥራ ድሬ ላይ መዝለል አይቻልም። የእኛ ክፍል ብዙ ጊዜ 20 ዲግሪ አይሆንም። ተማሪው ከዚህ ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል። አንዱ፣ ቁጥር ሲሳሳት መጀመሪያ መጠየቅ እንጂ ዕቃን መውቀስ አይደለም። ሁለተኛው የራሱ እጅ ልክ ነው። አሥሩ ምዝኖች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያውቃል። የአንዱ 0.02 ግራም ነው፣ የሌላው 0.15 ነው። የ0.15ቱ ተማሪ እንደገና ይሥራ። ልዩነቱ እስኪጠብ ድረስ ወደ ፕሮጀክቱ አይለፍ። ጥብቅ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን በዚህ ምክንያት የተቀየመ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቁጥሩ ሲጠብ ራሳቸው ያዩታል፣ ደስታቸውን ደግሞ ፊታቸው ላይ ታዩታላችሁ።

ሁለት ገጽ ፕሮፖዛል

በአራተኛው ሳምንት ሁለት ገጽ ብቻ። ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር። ዘዴው። የኬሚካል ዝርዝር ከነመጠኑ፣ መጋዘን ውስጥ መኖሩን ቴክኒሻኑ የፈረመበት። የአደጋ ዝርዝር። የመጨረሻው ደግሞ ዋናው ነው፦ ገና ሳይለኩ፣ ስንት እንደሚጠብቁና ስንት ሚሊ ሊትር ቡሬቱ ላይ እንደሚያነቡ በስሌት ያሳዩ። ይህቺ ስሌት ግማሹን ችግር ከወዲሁ ታወጣዋለች። እንዴት እንደምታወጣው በጨዉ ላሳያችሁ።

ጨዉን እንደገና እንለካ

አሠራሩ የታወቀ ነው። 10 ግራም ጨው በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟል። ትንሽ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድና ፖታሲየም አዮዳይድ ይጨመራል። ጨዉ ውስጥ ያለው አዮዴት አዮዲን ሆኖ ይወጣል፣ ቢጫ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በ0.005 ሞላር ታዮሰልፌት ይታይትራል፤ ቢጫው ሊጠፋ ሲል ስታርች ይገባል፣ ሰማያዊው ሲጠፋ ያልቃል። እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10.58 ሚሊ ግራም አዮዲን በኪሎ ጨው ማለት ነው። ይህን 10.58 ተማሪው ራሱ ያውጣው። አንድ አዮዴት ስድስት ታዮሰልፌት ይፈልጋል፣ አዮዲን 126.9 ነው፣ የቀረው ማባዛትና ማካፈል ነው።

አሁን ስሌቷን ተመልከቱ። ጨዉ 17 ገደማ ከሆነ ቡሬቱ ላይ የሚነበበው 1.6 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ጠብታ ስታሳልፍ በአንድ ጊዜ 3 በመቶ ተሳሳትክ። ይህን ተማሪው ፕሮፖዛሉ ላይ ካየው መፍትሔውን ራሱ ያመጣዋል፦ ታዮሰልፌቱን በግማሽ ያቅጥነው፣ ወይም ጨዉን 20 ግራም ያድርገው። ላብ ገብቶ ካየው ግን ሳምንቱ ሄደ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይጠልቃል። «ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ» ይላል ተማሪው። ምንድን ነው የደገምከው? ብዙዎቹ ጨዉን አንዴ ያሟሙና ከዚያው ፍላስክ ሦስት ጊዜ ይቀዳሉ። ሦስቱ ቁጥሮች ተጠጋግተው ያምራሉ። ግን የተለካው የእጃቸው ልምድ ነው፣ ጨዉ አይደለም። አዮዴት ጨዉ ላይ እኩል አይሰራጭም። ከከረጢቱ አፍ የወሰድከውና ከታች የወሰድከው ሊለያይ ይችላል። መደገም ያለበት ከከረጢቱ ነው፦ ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተመዝኖ፣ ለብቻው ተሟሙቶ።

እንዲህ አድርጎ 15.2፣ 17.6 እና 19.4 አገኘ እንበል። አማካዩ 17.4 ነው፣ ያው የልጁ ቁጥር። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ ማለትም የቁጥሮቹ መበታተን፣ 2.1 ነው። ለሦስት ልኬት በ95 በመቶ የሚታመነው ክልል 17.4 ሲደመር ሲቀነስ 5.2 ይሆናል። ማለትም ከ12 እስከ 23። «አልፏል» ማለት ይቻላል? አይቻልም። «ወድቋል» ማለትም አይቻልም። እዚህ ጋ ተማሪዎች ይደነግጣሉ። አትርዷቸው፣ ትንሽ ይቆዩበት። ከዚያ «ስንት ናሙና ቢኖርህ መናገር ትችል ነበር?» በሏቸው። መበታተኑ ያው 2.1 ሆኖ ቢቀጥል፣ በአምስት ናሙና የታችኛው ጫፍ 14.8 ይሆናል። ገና ነው። በስድስት 15.2 ይሆናል። አሁን አፍ ሞልቶ መናገር ይቻላል። አንድ ተማሪ ይህን አስልቶ ሲጨርስ ብድግ ብሎ ቀፊራ ሄደ፣ ሌላ ከረጢት ሊገዛ።

ሁልጊዜ የምናስጨምራቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ብላንክ፣ ማለትም ጨዉን ትተህ ሁሉንም አድርግ። እና ጭማሪ፦ የታወቀ መጠን አዮዴት ጨዉ ላይ ጨምረህ መልሰህ ማግኘትህን እይ። 100 ጨምሮ 60 ብቻ ያገኘ ተማሪ ዘዴው እየበላበት ነው።

ደብተር

ባለ መስመር፣ የተሰፋ ደብተር። ገጹ በቁጥር። በእስክሪብቶ። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፈገፈግም። ከላብ ሳይወጡ ቴክኒሻኑ ወይም መምህሩ ይፈርማል። ብጥስጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ በኋላ እገለብጣለሁ የሚል ካለ ብጥስጣሿን ወረቀት ደብተሩ ላይ ለጥፍ በሉት።

ይህ ፖሊስነት አይደለም። ዳታ ፈጠራ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት አይደለም፣ ከፍርሃት ነው። «የተበላሸ ውጤት ካመጣሁ እወድቃለሁ» ብሎ ያስባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ንገሯቸው፦ ያልተሳካ ሙከራ፣ ለምን እንዳልተሳካ በደንብ ከተጻፈ፣ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ከዚያም ቃላችሁን ጠብቁ። አንድ ጊዜ ካጠፋችሁት ወሬው በአንድ ምሽት ዶርም ያዳርሳል።

ደህንነት

አጭር ነው ግን አይታለፍም። በረኪና ከጠንካራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ከአሞኒያ ጋርም መርዛማ ጋዝ አለው። የኢዲቲኤው በፈር (ፒኤቹን 10 ላይ የሚያጸናው ፈሳሽ) አሞኒያ አለበት። ስለዚህ የውሃው ግሩፕና የበረኪናው ግሩፕ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይሥሩ፣ የተረፈውንም አንድ ዕቃ ውስጥ አያፍስሱ። በበረኪናው ልኬት መጀመሪያ አዮዳይዱ ይግባ፣ አሲዱ ቀጥሎ። ለየቆሻሻው ስም የተለጠፈበት ለየብቻ ጀሪካን ይኑር። መነጽር ያላደረገ ላብ አይገባም።

ጊዜ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና አለበት፣ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ይህን እንደሌለ አድርጋችሁ ኮርስ ከቀረጻችሁ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ላቡ ባዶ ይሆናል። ልጆቹን መውቀስ አይቻልም። ስለዚህ የላብ ሥራው በሙሉ ከ5ኛው እስከ 11ኛው ሳምንት ይጠናቀቅ። ላብ ጠዋት ይሁን፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ሚዛኑም ሰውም ይዋዥቃል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ 15 ደቂቃ ስብሰባ። ደብተር ይዘው ይመጣሉ፣ ስላይድ አይመጣም። ፈተናውንና ኮርሱን ማስታረቅም ይቻላል። ጨዉን የሠራ ልጅ ሬዶክስን፣ ሞላሪቲን፣ የስታቲስቲክሱን ጥያቄ ማንበብ አያስፈልገውም።

ማርክ

የእኛ አከፋፈል እንዲህ ነው፦ ደብተር 25፣ ሪፖርት 25፣ የቃል ማቅረቢያ 20፣ የፒፔቱ ሥራ 10፣ ፕሮፖዛል 10፣ በስድስተኛውና በዘጠነኛው ሳምንት የሚታይ መሻሻል 10። ሪፖርቱ ከ12 ገጽ አይበልጥም። ከጥንዱ ሁለቱም አንድ ዓይነት ማርክ አያገኙም፤ የቃሉና የፒፔቱ ለየራሳቸው ነው። ሪፖርቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ውጤቱን ለባለ ሱቁ ወይም ለጎረቤት በግማሽ ገጽ ያለ ምንም ቀመር ያስረዱ። ከባዱ ገጽ ይህ ነው። አንዳንዶቹ አራት ጊዜ ይጽፉታል።

የቃል ማቅረቢያ

ስላይድ አምስት ብቻ። ንግግሩ አሥር ደቂቃ፣ ጥያቄው ሃያ። ጥያቄ ከንግግር መብለጥ አለበት።

የድሬ ልጆች መምህርንም «አንተ» ነው የሚሉት፣ ይህ ለቃል ፈተና ትልቅ ፀጋ ነው። ክፍሉ በቶሎ ይፈታል። ይህን አትግደሉት። ሱፍና ክራባት ግዴታ አታድርጉ። ጠረጴዛ ጀርባ አምስት ሆናችሁ አትደርደሩ። ቡሬትና ፍላስክ አጠገብ አስቀምጡና «አሳየኝ» በሉት።

ጥሩ ጥያቄ ከመጽሐፍ የማይመለስ ነው። «ስታርቹን መጀመሪያ ላይ ብትጨምሪው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» የሠራች ልጅ ወዲያው ትመልሳለች፤ አንድ ቀን ተሳስታ ጨምራው ሰማያዊው አልለቅ ብሏት አይታለች። «ከቁጥሮችህ የምታምነው ያነሰው የትኛው ነው?» «ሌላ አንድ ሳምንት ቢሰጥህ ምን ትለካለህ?» ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ያለው ተማሪ ኮርሱ ገብቶታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ያው ነው። ነገ ብትለካው ስንት ይመጣል?

ለሚቀጥለው ባች

ሁሉም ጥንድ ሲጨርስ ሦስት ነገር መጋዘን ውስጥ ይተዋል፦ ደብተሩን፣ ቀሪውን ናሙና በታሸገ ጠርሙስ ከነቀኑ፣ እና አንድ ገጽ «ብናውቅ ኖሮ» የሚል ጽሑፍ። በዚያ ገጽ ላይ የሚጻፈው ትንሽ ትንሽ ነገር ነው። «ሦስተኛው ቡሬት ያንጠባጥባል።» «ስታርቹን በየቀኑ አዲስ አፍሉት።» «ጠዋት ሁለት ሰዓት ግቡ፣ ሚዛኑ ነፃ ነው።»

የሚቀጥለው ባች የመጀመሪያ ሥራ ከእነዚህ ጠርሙሶች አንዱን አንስቶ እንደገና መለካት ነው። ዘንድሮ አንድ ጥንድ የአምናውን ጨው ለካ። አምና 31 ሲደመር ሲቀነስ 3 ተብሎ ነበር። ዘንድሮ 29 መጣ። ሁለቱ ልጆች የአምናዎቹን ስልክ ከቴክኒሻኑ ተቀብለው ደወሉላቸው።